የቀይ ጨርቁ ባልዲ

እናቴ ውሃ የምትሞክረው በክርኗ ነው። ገላዬን ስታጥበኝ በክርኗ፣ ዘር ስትዘፈዝፍም በክርኗ። «እጅ ውሸታም ነው» ትላለች፤ «ሥራ ያደነደነው እጅ እሳት ቢነካው አይሰማውም። ክርን ግን እንደተፈጠረ ነው፤ እውነቱን ይናገራል።» እኔም ልጆች ወልጄ አሳድጌ፣ ዛሬ ድረስ ውሃ የምሞክረው በክርኔ ነው። ከእሷ ከወረስኩት ሁሉ በየቀኑ የምጠቀምበት ይኸው ነው፤ በየቀኑ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

እኛ ቤት በቆሎ ደረቁን አይዘራም ነበር። ከአባቴ እናት የመጣ ልማድ ነው። ሊዘራ ሲል ዋዜማውን ለብ ባለ ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ጠዋት አብጦና ለስልሶ መሬት ይገባል፤ ከጎረቤት ቡቃያ ቀድሞም ብቅ ይላል። ከአጥሩ ማዶ የሚኖረው ጎረቤታችን፣ የሰፈሩን ወሬ ሳይጠየቅ ስለሚያሰራጭ «ሬዲዮ» የምንለው፣ በየዓመቱ «ዛሬም በቆሏችሁን ገላ አጠባችሁት? ቅባትስ ቀባችሁት?» እያለ ይስቅብን ነበር። አባቴ አይመልስለትም። አባቴ ዝም ማለት ይችልበታል።

ማሳችን ከቤቱ ጀርባ ያለች ትንሽ ቦታ ነበረች፤ ከአንዱ ዳር ሆኖ የተጣራ ሰው ድምፅ ሳያነሳ ከሌላው ዳር ይሰማል። ያን ዓመት የፊት ጥርሶቼ ወላልቀው ነበር። ሳወራ አየሩ እያፏጨ ይወጣል፤ አባቴም ይስቃል። አባቴ ሲስቅ ማየት ከምንም በላይ ደስ ይለኝ ስለነበር ሆን ብዬ አብዝቼ አወራለሁ።

ለእሱ የምሠራው ሥራ ነበረኝ። የሚዘራበት ጉድጓድ ምን ያህል ይጥለቅ? እኔ ሌባ ጣቴን አስገባለሁ፤ አፈሩ ሁለተኛው አንጓ ላይ ከደረሰ ልክ ነው። ካለፈ ጠልቋል፤ ካነሰ ወፍ ያወጣዋል። «መለኪያዬ» ይለኝ ነበር። ሬዲዮ ይህን ሲሰማ «ሰው መለኪያ የሚጠራው መጠጥ ቤት ነው፤ አንተ ደግሞ ማሳ ላይ» ብሎ ቀልዷል። ቀልዱ አልገባኝም፤ ግን ስሙን ወደድኩት። አባዬ ያለ እኔ መዝራት የሚችል አይመስለኝም ነበር።

ከመኝታ ቤቱ ጥግ የእናቴ የስፌት መኪና በአንሶላ ተሸፍኖ ቆሟል። እናቴ ከማግባቷ በፊት ልብስ ሰፊ ነበረች። እህቷ፣ አክስቴ፣ ከተማ ውስጥ የስፌት ሱቅ አላት፤ በመጣች ቁጥር አንሶላውን ገለጥ አድርጋ መኪናውን እንደ በሽተኛ ታየውና ትመልሰዋለች። «ዝጎ ሊቀር ነው እኮ» ትላለች። «ሱቁ አጠገብ ያለውን ክፍል እስከ መቼ ላቆይልሽ? ሌላ ሰው እየጠየቀኝ ነው።» እናቴ ዓይኗ ወደ አባቴ ይሄዳል። እኔ የሚዝገው መኪናው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ያለፉት ሁለት ዓመታት ምርት ክፉ ነበር። አንድ ምሽት እራት ላይ አባቴ የያዘውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰና «እሺ» አለ፤ ማን ምን እንዳለው አልሰማሁም። «ዘንድሮን ልሞክር። ማሳው ሙሉ ከበቀለ እዚሁ እንኖራለን። ካልበቀለ ደግሜ የምዘራው ዘር የለኝም፤ ቃሌ ቃል ነው፣ ጠቅልለን እንሄዳለን።»

«ሙሉ ስትል?» አለች እናቴ።

«ከዳር እስከ ዳር።»

«ከዳር እስከ ዳር» ብላ ደገመችው፤ ቀስ ብላ። ማሳው እንዳይጎድል ሰግታ ነው ብዬ አዘንኩላት። ተጠግቼም «አይዞሽ እማዬ፣ ከእኔ ጋር ነው የሚዘራው» አልኳት። ፀጉሬን ዳበሰችኝ። ዛሬ ያን ጥያቄ ሳስበው የልብስ ሰፊ ጥያቄ ነው፤ ጨርቁን ከመቁረጧ በፊት ልኩን እያረጋገጠች ነበር።

የዘሩ ዋዜማ ፀሐይ ሳትጠልቅ እናቴ ትልቁን ማንቆርቆሪያ ጣደች። ሁለት ባልዲ ነበረን፤ የአባቴ ትልቁ ቆርቆሮ፣ የእኔ ደግሞ ቀለሙ የተላላጠ ነጭ ትንሽ ባልዲ። ዘሩን ለሁለቱም አከፋፈለች። የአባቴ ባልዲ ላይ ቀዝቃዛ ጨመረች፣ ፍሉን አከለች፣ ከዚያ «ነይ፣ ክርንሽ ምን ይላል?» አለችኝ። እጅጌዬን ሰብስቤ ክርኔን ነከርኩ። «ለብ ብሏል» አልኩ፤ በወላለቀው ጥርሴ በኩል አየሩ አፏጨ፤ ተሳሳቅን። ማንቆርቆሪያውን እሳቱ ላይ መለሰችና «ዶሮዎቹን አስገብተሽ ነይ» አለችኝ።

ዶሮዎች ሲፈልጉ ነው የሚገቡት። አባርሬ አስገብቼ ስመለስ ነጩ ባልዲ ተከድኖ ቆሟል። የክዳኑ ጠርዝ ያልበዋል፤ ከሥሩም ቀጭን እንፋሎት ይወጣል። እጄን ስሰድ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«እሱን እኔ ሞክሬዋለሁ። ተይው፣ ይረፍበት።»

«የእኔ ይሞቃል?»

«ያንቺ ይሞቃል» አለች።

ደስ አለኝ። ለልጅ ወፍራሙን ብርድ ልብስ እንደሚሰጡት ለእኔም ዘር ሞቅ ያለውን የሰጠችው መሰለኝ። ከዚያ ከስፌት ቁርጥራጮቿ መሃል ቀይ ጨርቅ መዝዛ የባልዲዬን ማንጠልጠያ መጠቅለል ጀመረች። ዙሪያውን ጠበቅ አድርጋ፣ ጫፉን በመርፌ ሰፋችው። «እጅሽን እንዳይቆርጥሽ» አለችኝ። አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። ስለዚያ ጨርቅ ሳስብ ዛሬም ሐሳብ ውስጥ እገባለሁ። ሽቦው በእርግጥ እጄን ይቆርጠኝ ነበር። አባቴ ከእኔ ባልዲ እንዳይዘግን የእኔ ለመሆኑ ምልክትም ያስፈልጋት ነበር። ከሁለቱ አንዱ ምክንያት ብቻ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ።

ጠዋት ዘራን። አባቴ ገመድ ወጠረ። የምንዘራው በየራሳችን የሾለ እንጨት ነው፤ መውጋት፣ ሁለት ፍሬ መጣል፣ በእግር ጫፍ አልብሶ ቀለል አድርጎ መርገጥ። እሱ ሁለት መስመር ሲጨርስ እኔ አንድ እጨርሳለሁ፤ ከዚያ ጫፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። በየመሃሉ ጣቴን እያስገባሁ እለካለሁ፤ ለእሱም ለእኔም። የእኔ ፍሬዎች ከእሱ ይልቅ ያበጡና የለሰለሱ ነበሩ፤ በዚያም ኮራሁ። የመጨረሻ መስመሬን ልጨርስ ጥቂት ሲቀረኝ ባልዲዬ ባዶ ሆነ። አባቴ ከራሱ ባልዲ አንድ እፍኝ ዘግኖ ጨመረልኝ። «ያው የአንድ ቤት ዘር ነው» አለኝ። በዚያች እፍኝ መስመሬን ዘጋሁ።

ዝናቡ በልኩ ጣለ፤ ፀሐይም ወጣች። አንድ ጠዋት አባቴን ከጓሮ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። የሚጠራኝ መስሎኝ ሮጥኩ። ሁለት መስመር ቡቃያ ተሰልፎ ቆሟል፤ ቀጥሎ አንድ መስመር ባዶ አፈር። ሁለት መስመር አረንጓዴ፣ አንድ ባዶ። እስከ ዳር እንዲያ ነው፤ ጥርሱ የወላለቀ አፍ ይመስላል። ባዶዎቹ የማን እንደሆኑ ለማወቅ መቁጠር አላስፈለገኝም። በመጨረሻው መስመሬ ጫፍ ላይ ብቻ ጥቂት ቡቃያ ወጥቷል። መጨረሻ ላይ ሥራውን ለምጄው ነበር ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

«ትንሽ እንጠብቅ» አለ አባቴ። ጠበቅን። የእሱ ቡቃያ ቁርጭምጭሚት ሲደርስ የእኔ ያው አፈር ነበር።

ሬዲዮ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ምርመራውን ጀመረ። «ወፍ ነው» አለ መጀመሪያ። ቀጥሎ «ጉንዳን ነው» አለ። ቀጥሎ ፍልፈል ሆነ። በመጨረሻ «ድሮም ገላውን የታጠበ በቆሎ ብርድ ይመታዋል ብያለሁ» ብሎ ሳቀ። ያን ጊዜ ነው እናቴ ልብስ እያሰጣች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ለስለስ ባለ ድምፅ የተናገረችው።

«ልጅ ናት፤ አትቆጧት። አጥልቃ ቀብራው ይሆናል።»

ለእኔ የሚከራከር ሰው ንግግር ነበር የመሰለኝ። እንዲያውም ምስጋና ተሰማኝ። ሬዲዮም «እንዲያ በሉኛ!» አለ፤ እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። በሳምንቱ ልጆች «ቀባሪዋ» ይሉኝ ጀመር።

አባቴ ግን ልቡ አልቆረጠለትም መሰለኝ፣ የእርሻ ባለሙያ ጠራ። በሞተር ብስክሌት የመጣ ወጣት ነው፤ ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ከትቶታል። ማሳው መሃል ቆሞ ግራ ቀኝ አየና «ጋሼ፣ ይሄ ወፍ አይደለም» አለ። «ወፍ መስመር ቆጥሮ አይበላም። አፈሩም ቢሆን አንድ አፈር ነው። እነዚህን ሁለቱን ማን ዘራ?»

«እኔ።»

«ባዶውንስ?»

አባቴ ወደ እኔ ተመለከተ። ባለሙያው ቁጢጥ ብሎ በትንሽ መቆፈሪያ የእኔን መስመር በጥንቃቄ ገለጠው፤ ፍሬዎቹ ጋ ሲደርስ አቆመ። «ነይ እስቲ፣ ጣትሽን አስገቢ።» አስገባሁ። ሁለተኛው አንጓ። ሌላ ቦታ ገለጠ፤ እዚያም ሁለተኛው አንጓ። «ጥልቀቱ ልክ ነው» አለ። ልጅ ስለሆንኩ ሊያጽናናኝ መሰለኝ፤ ትልልቅ ሰዎች ልጅ ሲያለቅስ የሚሉትን አውቃለሁ። ተነስቶ ወደ መጨረሻው መስመሬ ጫፍ፣ ወደበቀሉት ሄደ።

«እዚህስ ማን ዘራ?»

«እሷው ናት» አለ አባቴ።

«በዚሁ እንጨት? በዚሁ ዘር?»

አባቴ ከተገለጠው ባዶ መስመር አንድ ፍሬ አንስቶ በሁለት ጣቱ ጫን አለው፤ እንደ ገንፎ ፈረጠ። ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ «ሂጂ፣ ለእንግዳው የሚጠጣ ውሃ አምጪ» አለኝ።

ውሃውን እየቀዳሁ በወጥ ቤቱ በር አያቸው ነበር። ባለሙያው በሁለት እጁ የሆነ ነገር እያስረዳ ነው፤ የሚጣድ ነገር፣ የሚፈስ ነገር። አባቴ መዳፉ ላይ ያለውን እያየ ቆይቶ ቀና አለ፤ ወደ ቤቱ ተመለከተ። እኔን የሚያይ መስሎኝ በሩ ጀርባ ተሸሸግሁ። ዞር ስል ግን እናቴ ከኋላዬ ቆማለች፤ መርፌ በከንፈሯ ይዛለች። አባቴ የሚያየው እሷን ነበር። ይህን ለማወቅ ከዕድሜዬ ከግማሽ በላይ ፈጅቶብኛል።

ውሃውን ስወስድ ንግግራቸው አልቋል። ባለሙያው ጠጥቶ ብርጭቆውን ሲመልስ እጁን ራሴ ላይ ጫነና «አንቺ ጎበዝ ዘሪ ነሽ» አለኝ። አባቴ በችኮላ «ይበቃል የኔ ወንድም፣ ገባኝ፤ አመሰግናለሁ» አለው። ሰውየው አንድ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተ፤ አባቴን አየው፤ ተወው። ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

እራት ላይ እናቴ ጠየቀች። «ምን አለ ሰውየው?»

አባቴ ቀና ብሎ አያት፤ ረጅም እይታ ነበር። እሷም አላጎነበሰችም። እኔ በሁለቱ መሃል ተቀምጬ ፍርዴን እጠብቃለሁ።

«ጠልቆ ነው የተዘራው» አለ አባቴ። «በቃ። ጠልቆ ነው።»

ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። «በጣቴ ለክቼ ነበር እኮ አባዬ! እዚህ ጋ፣ ሁለተኛው አንጓ ጋ!» ጣቴን ፊቱ ላይ ዘረጋሁለት። አላየውም። ተነስቶ ወጣ። እናቴ ደረቷ ላይ ለጥፋ አባበለችኝ፤ «ይረሳል፣ ሁሉም ይረሳል» እያለች። ልብሷ ውስጥ እሷም ስትንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር። ለእኔ ብላ የምታለቅስ መሰለኝ፤ ምናልባትም ነበር።

ቡቃያው ጉልበት ሳይደርስ ለሬዲዮ ተትቶለት ዕቃችን ተጫነ። መጀመሪያ የወጣው የስፌት መኪናው ነው። ሬዲዮ ገመድ እያቀበለ «ልጅት፣ እኛንም ቀብረሽን ልትሄጂ ነው?» አለኝ። አክስቴ ይህን ሰምታ ኖሮ ሱቁ ውስጥ ለደንበኛ ሁሉ «ቀባሪያችን ይህቺ ናት» እያለች ታስተዋውቀኝ ነበር። እናቴም አብራ ትስቃለች፤ የስፌት መኪናዋን እየነዳች፣ ፊቷ ወዝቶ፣ ከዚያ በፊት አይቼው በማላውቀው አሳሳቅ። አባቴ መጋዘን ጠባቂ ሆነ። «መለኪያዬ» የሚለውን ስም አንድም ቀን አልደገመውም። አዲስ ጫማ ገዛልኝ፣ ደብተር ገዛልኝ፣ የጠየቅሁትን ሁሉ ገዛልኝ፤ ዓይኔን ግን አያይም። ይቅር ያላለኝ መሰለኝ። ይቅር ለመባልም ጎበዝ ተማሪ፣ ጎበዝ ሠራተኛ፣ ጎበዝ ሚስት ሆንኩ።

እውነቱን ለመናገር ከተማ መግባታችን አልጎዳኝም። ተምሬበታለሁ፤ እናቴም ሰው የሆነችው እዚያ ነው። ዛሬ ሴት ሆኜ ሳስበው፣ ከአንሶላ ሥር የሚዝግ ነገር ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ከአባቴ ተጣልታ ብትሄድ አልፈርድባትም ነበር። ዘሩን በሙሉ ብትቀቅለውም አልፈርድባትም። ግን ሁለት ባልዲ ነበር። ለአባቴ ጤነኛውን ሰጥታ ለእኔ የሞተውን ሰጠችኝ፤ የልጅ ጥፋት ቶሎ ይረሳል ብላ።

እኔ አልረሳሁም። ባለቤቴ በረንዳ ላይ አበባ ሲተክል አፈር አላቀብለውም። «እጄ አያበቅልም» እላለሁ። ልጆቼ እንደ ቀልድ ያዩታል።

አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ በረንዳው ላይ በቆርቆሮ ጣሳ ባቄላና በቆሎ ይዘራል። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከሰዓት ልጠይቃቸው ሄጄ እጁ እየተንቀጠቀጠበት ፍሬው ሲወድቅበት አገኘሁት። «ነይ አግዢኝ» አለ።

«ተወኝ አባዬ፤ እጄ እንደማያበቅል ታውቃለህ።»

ጣሳውን አስቀመጠ። ከቤት ውስጥ የእናቴ የስፌት መኪና ይሰማል።

«መለኪያዬ» አለኝ።

ስሙን ስሰማ ከአጠገቡ ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ ዓመት የጠበቅሁት ይቅርታ የመጣልኝ መሰለኝ።

«እጅሽ ምንም አላደረገም። ያ ዘር ተቀቅሎ ነበር። የፈላ ውሃ ነው የፈሰሰበት።»

ወዲያው አልገባኝም። ከዚያ ክዳኑ ታወሰኝ፤ ላቡ፣ እንፋሎቱ፣ ቀዩ ጨርቅ። የመጨረሻዋ እፍኝ ታወሰችኝ። ያ ሁሉ አንድ በአንድ ቦታ ቦታውን ያዘ።

«መቼ አወቅህ?»

«ባለሙያው የመጣ ቀን።»

«ያኔውኑ? እራት ላይ ታውቅ ነበር? ጣቴን ሳሳይህ ታውቅ ነበር?»

«ታዲያ እናትሽን ልፍታት?» አለኝ፤ ድምፁ እንደ መለማመጥ ሆነ። «ከሁለታችሁ አንዳችሁ ጥፋተኛ መሆን ነበረባችሁ። ሚስት ከሆነች ቤት ይፈርሳል። ልጅ ከሆነች ይረሳል ብዬ። ደግሞ ዝም አይነቅዝም ይባላል።»

«ነቅዟል አባዬ» አልኩት። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ፤ እኔ ላይ አብራችሁ ነው የፈረዳችሁት።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ እናቴ በአንድ እጇ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ወጣች፤ ለአባቴ ዘር መዘፍዘፊያ ነው። ቀዝቃዛው ላይ ፍሉን አከለችና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። «ክርንሽ ምን ይላል?»

እጅጌዬን አልሰበሰብኩም።

«እማዬ፣ ያን ጊዜ፣ የእኔን ባልዲ ማን ነበር የሞከረው? ነጩን፤ ቀይ ጨርቅ ያለውን።»

ማንቆርቆሪያው እጇ ላይ ቆመ። አባቴን አየችው፤ ያኔ እራት ላይ እንዳየችው። ቢያንስ አሁን ይናገራል ብዬ እኔም ዞሬ አየሁት። ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ ማንን ይፈራል? ከእንግዲህ ሚስቱን አይፈታ፤ ቤቱም አይፈርስ።

«አንቺ ነሻ» አለች እናቴ። «በክርንሽ። ረሳሽው እንዴ?»

አባቴ ጎንበስ ብሎ ከወለሉ ላይ የወደቁትን ፍሬዎች መልቀም ጀመረ።